«አንዴ የወደቀ ያገኘውን ይውሰድ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደብረ ብርሃን የሕክምና ተማሪዎችና ከሸዋ ሮቢት እስከ መሐል ሜዳ በየሆስፒታሉ በሚሠሩ ጠቅላላ ሐኪሞች ዘንድ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ርእሱ «አንዴ የወደቀ ያገኘውን ይውሰድ» ይላል። የተጻፈው በትምህርታቸው መጀመሪያ ላይ ለተሰናከሉና ወደ አሜሪካ ለስፔሻሊቲ ሥልጠና ማመልከት ለሚያስቡ ነው። ፒሲ-አንድ ወይም ፒሲ-ሁለት ላይ (ከክሊኒክ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት) ዓመት ለደገሙ፣ ሪኤግዛም (ድጋሚ ፈተና) ለተቀመጡ፣ ተባረው በሪአድሚሽን ለተመለሱ።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ዓመት የደገመ ሰው ብዙ ተፎካካሪ ያለባቸውን ስፔሻሊቲዎች ይርሳ። ውድቀቱን ለመሸፈን የአሜሪካ የሕክምና ፈቃድ ፈተና የመጀመሪያ ክፍል የሆነውን ስቴፕ 1ን በፍጥነት ይፈተን። የደገመውን ዓመት በማመልከቻው ላይ አያንሳ። ስሙ ያለበት የጥናት ወረቀት በብዛት ይሰብስብ። ነገሩ እስኪረሳ ጥቂት ዓመታት በጂፒነት (በጠቅላላ ሐኪምነት) ይሥራ። ከዚያ መጽናኛ የሆነውን የውስጥ ደዌ ይሙላ፣ ወይም በቀዶ ሕክምና ፕሪሊሚናሪ (የአንድ ዓመት ጊዜያዊ ቦታ) በጓሮ በር ይግባ። የምርጫ ዝርዝሩንም ሲያወጣ የማይደርስበትን ከላይ አያስቀምጥ።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። ይህ ጽሑፍ ግን ምሳሩን ለወደቀው ለራሱ ነው የሚያስይዘው። ከምክሮቹ አብዛኞቹ ቢተገበሩ አንድ የነበረውን ውድቀት ሁለት ያደርጉታል። ስለዚህ ተራ በተራ እንመልሳለን።

«ዓመት የደገመ ሰው የአጥንት፣ የቆዳ፣ የአንጎል ቀዶ ሕክምና በር ተዘግቶበታል»

ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ውድቀቶችን አንድ አድርጎ ቆጥሯል። አንደኛው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚደርሰው ነው፤ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ ወይም ባዮኬሚስትሪ ላይ ወድቆ ዓመት መድገም። ሁለተኛው የአሜሪካው የፈቃድ ፈተና፣ ስቴፕ 1፣ 2 እና 3 የሚባሉ ክፍሎች ያሉት የዩኤስኤምኤልኢ ውድቀት ነው። ሁለቱም መዝገብ ላይ ይቀራሉ፤ የሚታዩበት መንገድና ጊዜ ግን ለየቅል ነው።

አንድ የሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ፕሮግራም ለጥቂት ቦታ በመቶዎች፣ አንዳንዱም ከሺህ በላይ ማመልከቻ ይደርሰዋል። ሁሉንም ቁጭ ብሎ የሚያነብ የለም። መጀመሪያ በኮምፒዩተር ያበጥሩታል፤ ፈተና ወድቋል ወይ፣ የስቴፕ 2 ውጤቱ ስንት ነው፣ የተመረቀው መቼ ነው፣ ቪዛ ይፈልጋል ወይ። ዓመት መድገም በአብዛኛው የሚታየው ከዚህ ወንፊት በኋላ ነው፤ አንድ ሰው ትራንስክሪፕቱንና ኤምኤስፒኢ የሚባለውን የዲኑን ደብዳቤ ከፍቶ ሲያነብ። ያኔ ደግሞ ከደገመው ዓመት ቀጥሎ ያለው አብሮ ይነበባል። ሲ-አንድና ሲ-ሁለት በሚባሉት የክሊኒክ ዓመታት፣ በሜዲስን፣ በሰርጀሪ፣ በሕፃናትና በማህፀን ክፍል ልምምዶች (አታችመንቶች) ውጤቱ ከፍ ብሏል? ኢንተርንሺፑ ያለ እንከን አልቋል? አንባቢው የሚፈልገው ይህን ነው። ፒሲ-ሁለት ላይ ወድቆ ከዚያ ወዲያ እየወጣ የሄደ ትራንስክሪፕት ራሱን ይከላከላል። ፒሲ-ሁለት ላይ ወድቆ ሲ-አንድ ላይ እንደገና ሪኤግዛም የተቀመጠ ግን የመጀመሪያውን ውድቀት «ያለፈ ነገር ነው» ብሎ ለማስረዳት ይቸገራል።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳናድበሰብስ እንናገር። ከአሜሪካ ውጭ ለተማረና የአሜሪካ ዜጋ ላልሆነ ሰው እነዚህ ስፔሻሊቲዎች መዝገቡ ንጹሕ ቢሆንም ጠባብ ናቸው። በ2024ቱ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ማች፣ ማለትም አመልካቾችን ከፕሮግራሞች ጋር በሚያጣምረው ዓመታዊ ምደባ፣ ከእንዲህ ዓይነት አመልካቾች 58.5 በመቶው ቦታ አግኝተዋል፤ የአሜሪካ የኤምዲ ተመራቂ ተማሪዎች ደግሞ 93.5 በመቶ። ከ58.5ቱ አብዛኛው የገባው ግን ውስጥ ደዌ፣ ፋሚሊ ሜዲስንና ሕፃናት ነው። አጥንት ቀዶ ሕክምና፣ ቆዳ፣ ፕላስቲክ ሰርጀሪና አንገት በላይ የሚገቡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ራዲዮሎጂና አኔስቴዥያ ከነዚህ ሰፋ ይላሉ። ይህ ጥበት ግን የሚመጣው ከውጭ ተመራቂነትና ከቪዛ ነው። ጸሐፊው ይህን ሁሉ በደገመው ዓመት ላይ መጫኑ ተማሪው የማይለወጠውን እያሰበ እንዲያዝን፣ የሚለወጠውን ደግሞ እንዲተወው ያደርጋል።

የሚለወጠው የውድቀቱ ምክንያት ነው። ከመርሐቤቴ፣ ከመንዝ ወይም ከይፋት ገጠር የመጣ ልጅ አንደኛ ደረጃን በአማርኛ ተምሮ፣ በፒሲ-አንድ በመቶ ገጾች የሚቆጠር የእንግሊዝኛ ሃንድአውት ሲቆለልበት ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ደጋግሞ ማንበብና መሸምደድ። ደጋግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜት ይሰጣል፤ ጥያቄ ሲቀርብ ግን ከአእምሮ አውጥቶ መጠቀምን አያለማምድም። ዓመቱን ሲደግምም በዚያው ዘዴ ካጠና ሁለተኛው ጊዜ የሚያልፈው ስለለመደው ብቻ ነው። ይህ ችግር ሳይፈታ ስቴፕ 1 ላይ መቀመጥ ያንኑ ውድቀት ወደ ሌላ፣ ወደማይፋቅ መዝገብ መውሰድ ነው።

«ውድቀቱን ለመሸፈን ስቴፕ 1ን በፍጥነት ውሰዱ፤ አሁን ነጥብ ስለሌለው ቀላል ሆኗል»

ከምክሮቹ ሁሉ ጎጂው ይህ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ስቴፕ 1 ከጥር 18 ቀን 2014 ዓ.ም. (በአውሮፓ ጃንዋሪ 26 ቀን 2022) ጀምሮ ውጤቱ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ነው። ይህ እውነት ነው። ፈተናው ግን አልቀለለም፤ እንዲያውም በዚያው ቀን የማለፊያው መስመር ከ194 ወደ 196 ከፍ ብሏል። ነጥቡ ሲቀር ሌላም ነገር ተለወጠ። ድሮ አንዴ ወድቆ በሁለተኛው 240 ያመጣ ሰው ቁጥሩ ይናገርለት ነበር። ዛሬ በሁለተኛው ያለፈ ሰው መዝገብ «ወደቀ፣ አለፈ» ብቻ ይላል። ያን ውድቀት በዚያው ፈተና የሚመልስ ቁጥር የለም።

ደንቡም ጥብቅ ነው። ለእያንዳንዱ ስቴፕ በሕይወት ዘመን 4 ሙከራ ብቻ ይፈቀዳል። በ12 ወር ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይ መቀመጥ አይቻልም፤ አራተኛው ከመጀመሪያው ቢያንስ 12 ወር፣ ከመጨረሻው ቢያንስ 6 ወር መራቅ አለበት። ፈተናውን ጀምሮ አቋርጦ መውጣትም እንደ ሙከራ ይቆጠራል። ያለፉትን ፈተና ደግሞ ውጤት ለማሻሻል መድገም አይቻልም።

ታዲያ መቼ ነው የሚቀመጡት? መለኪያው ስሜት አይደለም፣ የጓደኛ ምክርም አይደለም። የስቴፕ ጥያቄዎችን በማዘጋጀት የሚሳተፈው ኤንቢኤምኢ ራስን የመፈተሻ ፎርሞች አሉት፤ ውጤታቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢፈተኑ የማለፍ ዕድሉ ስንት በመቶ እንደሆነ ይገምታል። በመጀመሪያው ዓመት ለወደቀ ሰው የምንመክረው ይህን ነው፦ ሁለት የተለያዩ ፎርሞች፣ ቢያንስ በአንድ ሳምንት ልዩነት፣ በሰዓት ተገድበው ተሠርተው፣ ሁለቱም 95 በመቶና ከዚያ በላይ የማለፍ ዕድል ካላሳዩ ቀኑ ይራዘም። አንዱ 97 ሌላው 80 ከሆነ ትክክለኛው 80 ነው ብሎ ማሰብ ይሻላል። አንድን ፎርም ሁለት ጊዜ ሠርቶ የመጣን ውጤት አትቁጠሩት፤ የሚለካው ትዝታን ነው። ሲመዘገቡ የሦስት ወር የፈተና መስኮት ይመረጣል፤ ይህ መስኮት በክፍያ አንድ ጊዜ ብቻ ለተጨማሪ ሦስት ወር ይራዘማል። ስለዚህ መስኮቱን ገና ጥናቱ ሳይያዝ አትክፈቱት።

ጥናቱ ራሱ በጥያቄ የሚመራ ይሁን። ዩወርልድ የሚባለው የመለማመጃ ድረ ገጽ የስቴፕ 1 የጥያቄ ባንኩ ከ3,000 በላይ ጥያቄ አለው። በቀን 40 ቢሠራ ለአንድ ዙር ቢያንስ 75 የሥራ ቀን ይፈጃል፤ የአንዱን ብሎክ (የአንድ ዙር ጥያቄዎች ስብስብ) መልስ በደንብ መፈተሽ ደግሞ ከመሥራቱ ሁለትና ሦስት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። ዲውቲ (የሆስፒታል ተረኛነት) ያለበት ሰው ይህን ሳያሰላ ቀን ከቆረጠ የሚቀነሰው ፍተሻው ነው፤ ትምህርቱ ያለው ደግሞ እዚያ ነው። ለተሳሳታችሁት ጥያቄ ሁሉ አንድ መስመር ጻፉ፤ አላወቅሁትም ነበር፣ አውቄው አልገናኘልኝም፣ ወይስ እንግሊዝኛውን በትክክል አላነበብኩትም? ሦስተኛው ዓይነት ከበዛ መድኃኒቱ ሌላ መጽሐፍ ማንበብ አይደለም፤ የጥያቄውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ አንብቦ ከዚያ ወደ ላይ መመለስን መለማመድ ነው። በእኛ አካባቢ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን ቪዲዮ ላይ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ቪዲዮ ሲታይ ይከርምና የጥያቄ ባንኩ «ለማጠቃለያ» ተብሎ ለመጨረሻው ወር ይተዋል። መብራት ሲጠፋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ያ ወር ወደ ሁለት ሳምንት ይወርዳል።

ስቴፕ 1ን አስቀድሞ የወደቀ ካለ በመጀመሪያ የውጤት ሪፖርቱን ያንብብ። ከማለፊያው ምን ያህል እንደራቀና በየትኛው የትምህርት ክፍል ደካማ እንደሆነ ያሳያል። ከዚያ ያለው አማራጭ ስቴፕ 2 ሲኬን (የስቴፕ 2 የክሊኒክ እውቀት ፈተናን) በከፍተኛ ውጤት ማለፍ፣ ከተቻለም ከማመልከቻው በፊት ስቴፕ 3ን መጨመር ነው። ለዚህ ሰው ጠባቦቹ ስፔሻሊቲዎች በአብዛኞቹ ፕሮግራሞች በወንፊቱ ይዘጋሉ፤ ይህን መደበቅ አይገባንም። ውስጥ ደዌና ሌሎች ሰፊ በሮች ግን አሉ።

ስቴፕ 2 ሲኬ አሁን ዋናው ቁጥር ሆኗል። ጠባቦቹ ስፔሻሊቲዎች ውስጥ የሚመደቡ የአሜሪካ ተማሪዎች አማካይ ውጤት ከ250 በላይ ነው። የማለፊያው መስመር ደግሞ በአውሮፓ 2022 ዓ.ም. ሐምሌ ወር 214፣ በ2025 ሐምሌ ወር 218 ሆኗል። ይህን መስመር ለጥቂት ያለፈ ሰው መድገም ስለማይፈቀድለት ቁጥሩ እስከ መጨረሻው ይከተለዋል። ስለዚህ ስቴፕ 2 ላይ ጥያቄው «አልፋለሁ ወይ» ሳይሆን «ይህን ቁጥር ለዘላለም ይዤው ልሂድ ወይ» ነው። ፕሮግራሞች ማመልከቻ ማየት የሚጀምሩት በእኛ አቆጣጠር በመስከረም አጋማሽ አካባቢ ሲሆን ውጤት ለመውጣት ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል፤ በዚያው ዓመት ለማመልከት ፈተናው ሐምሌ ላይ ቢያልቅ ይመረጣል።

«የደገማችሁትን ዓመት አታንሱት፤ ማንም አያየውም»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። አብዛኛው ማመልከቻ የሚላክበት ኢራስ የሚባለው ሥርዓት «የሕክምና ትምህርትህ ተቋርጧል ወይም ተራዝሟል ወይ» ብሎ በቀጥታ ይጠይቃል። የመግቢያና የምረቃ ቀን በትራንስክሪፕቱ ላይ አለ። ለውጭ ተመራቂዎች ሰርተፊኬት የሚሰጠው የአሜሪካ ድርጅት፣ ኢሲኤፍኤምጂም፣ ዲፕሎማውን የሚያረጋግጠው በአመልካቹ በኩል ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ ነው። ሦስቱ ካልተገጣጠሙ ጉዳዩ ከደካማ ውጤት ወደ ማጭበርበር ይሸጋገራል፤ ኢሲኤፍኤምጂ እንዲህ ያለውን በሥነ ምግባር ጥሰት መርምሮ ሊቀጣ ይችላል፤ ያ ደግሞ ከማንኛውም የወደቀ ፈተና የከፋ ነው።

ማብራሪያው ከአራት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ። የሆነው፣ ምክንያቱ፣ የተለወጠው፣ ማስረጃው። በአማርኛ ብንጽፈው ይህን ይመስላል፦ «በሁለተኛው ዓመት ፊዚዮሎጂና ባዮኬሚስትሪ ወድቄ ዓመቱን ደግሜያለሁ። የማጠናው በመሸምደድ ነበር። በጥያቄ ማጥናት ከጀመርኩ ወዲህ ሁሉንም ክሊኒካል ዓመታት በመጀመሪያው ሙከራ አልፌያለሁ፤ ሁለቱንም ስቴፖች እንዲሁ።» በቃ። መምህርን መውቀስ፣ ስለ ቤተሰብ ችግር ገጽ መሙላት፣ «ውድቀት ጠንካራ አደረገኝ» የሚል ስብከት መጨመር ሁሉ ያደክማል። የቤተሰብ ሞት ወይም ሕመም እውነተኛው ምክንያት ከሆነ ግን በአንድ ሐረግ ይነገር፤ ማፈር አያስፈልግም።

እዚሁ ላይ ጸሐፊው ያላነሳው፣ ለኛ ሰው ግን ከደገመው ዓመት የበለጠ የሚጎዳ ነገር አለ፤ የዘመን አቆጣጠር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ የምረቃ ዓመት ሳይቀየር ከተሞላ ሰውየው ከትክክለኛው ጊዜ 7 ወይም 8 ዓመት ቀድሞ የተመረቀ ይመስላል፤ ወንፊቱም «የቆየ ተመራቂ» ብሎ ይጥለዋል። በትራንስክሪፕት፣ በዲፕሎማና በፓስፖርት ላይ ያለው ስም የፊደል አጻጻፍና የአያት ስም መኖር አለመኖርም አንድ መሆን አለበት። «ወልደ» አንዱ ላይ ተለያይቶ ሌላው ላይ ተጣብቆ መጻፉ እንኳ ማረጋገጫውን ሊያዘገይ ይችላል። ይህን ከመመረቅ በፊት በሬጅስትራር ማስተካከል ይቀላል። ትምህርት ቤታችሁ በዓለም አቀፉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች መዝገብ ውስጥ ለኢሲኤፍኤምጂ ብቁ ተብሎ የተመለከተ መሆኑንና የእናንተ የምረቃ ዓመት የተካተተ መሆኑንም ከማንኛውም ክፍያ በፊት አረጋግጡ።

«ስማችሁ ያለበት ወረቀት ይብዛ፤ ማንም አይጠይቅም»

ይጠይቃሉ። ቃለ መጠይቅ ላይ የተለመደ ጥያቄ ነው፦ «በዚህ ጥናት የአንተ ሥራ ምን ነበር? ናሙናው እንዴት ተመረጠ? ድክመቱስ?» ገንዘብ ከፍሎ ስሙን ያስገባ ሰው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይቆማል። በመዝገቡ ላይ ውድቀት ያለበት ሰው ደግሞ ታማኝነቱ ከሌላው ይበልጥ ስለሚፈተሽ ይህ አደጋ የእሱ ነው።

የሚያሳዝነው የሰሜን ሸዋ ሐኪም ሌላው የሌለው ጥናት በእጁ እያለ ይህን መግዛቱ ነው። ለአጥንት ቀዶ ሕክምና የሚያስብ ሰው የወጌሻ ጉዳይ አለለት። የተሰበረ እጅ ወይም እግር ላይ ቀርከሃ ወይም እንጨት አጥብቆ ማሰር የደም ዝውውሩን ይዘጋል፤ ታካሚው ዘግይቶ ሲመጣ እጅና እግር መቁረጥ ድረስ ይደርሳል። በአንድ ሆስፒታል የሦስት ዓመት መዝገብ ላይ ዕድሜ፣ የስብራቱ ቦታ፣ ጉዳት ከደረሰ እስከ ሆስፒታል ያለው ቀን፣ የታሰረበት ነገርና ውጤቱ በአምስት ዓምድ ቢለቀም አንድ ጠንካራ ሥራ ይወጣል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው መንገድ የሚደርሰው የመኪና አደጋም እንዲሁ ነው። ለቆዳ ሕክምና የሚያስብ ሰው ደግሞ በደጋው በባዶ እግር በሚሄዱ አራሾች ላይ የሚታየው፣ ከእሳተ ገሞራ ከተገኘ ቀይ አፈር ጋር የተያያዘው ዝሆኔ አለ፤ ሽኮኮ ተሸካሚው የሆነው የቆዳ በሽታ፣ ቁንጭርም አለ። የአሜሪካ ፕሮግራም ስለነዚህ የሚያውቅ አመልካች ሲያገኝ ያነበበውን ሳይሆን የነካውን እያወራ መሆኑ ይገባዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ የሚወጣው መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ነው። መረጃው ተሰብስቦ በኋላ ፈቃድ ሲጠየቅ ሥራው ሁሉ ከንቱ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

«እስኪረሳ ድረስ ጂፒ ሆናችሁ ሥሩ»

አይረሳም። መዝገብ አይረሳም፤ ሰዓቱ ግን ይሄዳል። ብዙ ፕሮግራሞች ከተመረቀ ከ5 ዓመት በላይ የሆነውን ይጥሉታል። ለኢሲኤፍኤምጂ ሰርተፊኬት የሚያስፈልጉ ፈተናዎችም ከመጀመሪያው ካለፈው ፈተና ጀምሮ በ7 ዓመት ውስጥ መጠናቀቅ አለባቸው። ጂፒነት የሚጠቅመው ከጥናቱ ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ ነው።

ከምረቃ በፊት ያለው ጊዜ ደግሞ ውድ የሚሆነው በሌላ ምክንያት ነው። ተማሪ እያሉ በአሜሪካ ሆስፒታል ኤሌክቲቭ መውሰድ፣ በሽተኛ ነክቶ መሥራት ይቻላል። ከተመረቁ በኋላ የሚገኘው በአብዛኛው ኦብዘርቨርሺፕ፣ ቆሞ ማየት ነው። እጅህ ሲሠራ ያየ ሐኪም የሚጽፈው ደብዳቤና ቆመህ ያየህ ሐኪም የሚጽፈው አንድ አይደሉም። ኢራስ ለአንድ ፕሮግራም እስከ 4 ደብዳቤ ይፈቅዳል፤ ከአራቱ አንዱ የደገመውን ዓመት የሚያውቅና ከዚያ ወዲህ ያለውን ለውጥ የተመለከተ የራሳችን መምህር ቢሆን ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።

«ውስጥ ደዌ መጽናኛ ነው፤ ካልሆነም በቀዶ ሕክምና ፕሪሊሚናሪ ግቡ»

ውስጥ ደዌን መጽናኛ ማለት ከእውቀት ማነስ የመጣ ነው። በአሜሪካ ሦስት ዓመት የውስጥ ደዌ ሬዚደንሲ ከጨረሱ በኋላ የልብ ሕክምናና የጨጓራና አንጀት ሕክምና ፌሎውሺፖች (ከሬዚደንሲ በኋላ የሚወሰዱ ሥልጠናዎች) አሉ፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ዓመት። ሁለቱም ብዙ ተፎካካሪ አለባቸው፤ በራሳቸው ማች የሚመረጡም ናቸው። በዚያ ምርጫ ላይ የሚመዘነው በዋናነት የሬዚደንሲው ሥራ፣ ጥናቱና የፕሮግራሙ ዳይሬክተር ደብዳቤ ነው። ፒሲ-ሁለት ላይ የወደቀው ፊዚዮሎጂ ያኔ በጣም ሩቅ ነው። ከባድ ስፔሻሊቲን ለሚፈልግና ጅማሬው ላይ ለተሰናከለ ሰው ከሁሉ ሰፊው መንገድ ይህ ነው፤ ጸሐፊው ግን ሰዎችን እያሳፈረ ያርቃቸዋል።

ፕሪሊሚናሪ ደግሞ የአንድ ዓመት ውል ነው። ከዚያ ዓመት በኋላ ሁለተኛ ዓመት የሚሰጥ ግዴታ የለም። አንዳንዱ ሰው ክፍት ቦታ ተገኝቶለት ይሸጋገራል፤ ሌላው ዓመቱን ጨርሶ እንደገና ያመለክታል፤ ቪዛውም ከሥልጠናው ጋር ስለሚያበቃ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ፕሮግራሙን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ባለፉት ሦስት ዓመታት ከፕሪሊሚናሪዎቻችሁ ስንቱ ወደ ቋሚ ቦታ ገባ? ወዴት?» ቁጥር የሌለው መልስ «የለም» ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ነገር አለ። ቆዳ፣ ራዲዮሎጂ፣ አኔስቴዥያና የመሳሰሉት ብዙ ቦታዎቻቸው ከሁለተኛው ዓመት የሚጀምሩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ዓመት ለብቻው መመረጥ አለበት። ይህን የማያውቅ ሰው ራዲዮሎጂ አግኝቶ የመጀመሪያ ዓመት ሳይኖረው ይቀራል። ለእያንዳንዱ እንዲህ ላለ ቦታ ተጓዳኝ ዝርዝር አብሮ ይሞላል። ዩሮሎጂና የዓይን ሕክምና ደግሞ የራሳቸው የተለየ ማች ስላላቸው ቀናቸው ይቀድማል።

ቪዛን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ በጄ-1 (የልውውጥ ጎብኚ ቪዛ) ለሚሄድ ሰው ሙያው ለአገሩ እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ የጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ያስፈልጋል። ኤች-1ቢ (የሥራ ቪዛ) ለሚፈልግ ደግሞ ስቴፕ 3 ቀድሞ ማለፍ አለበት።

«የማትደርሱበትን ከላይ አታስቀምጡ፤ የታችኛውን ያሳጣችኋል»

ይህ ፍጹም ስሕተት ነው። ማቹን የሚያካሂደው ድርጅት፣ የኤንአርኤምፒ፣ ስሌት በ1998 (በአውሮፓ) ሥራ ላይ የዋለው የአመልካቹን ምርጫ የሚያስቀድም ነው። ስሌቱን ከመሠረቱት ሐሳቦች ጋር በተያያዘ ሥራ ሎይድ ሻፕሌይና አልቪን ሮዝ በ2012 የኢኮኖሚክስ ኖቤል አግኝተዋል።

እንዲህ ነው የሚሠራው። አንዲት ሐኪም አንደኛ የአጥንት ፕሮግራም «ሀ»ን፣ ሁለተኛ የውስጥ ደዌ ፕሮግራም «ለ»ን ሞላች እንበል። ኮምፒዩተሩ መጀመሪያ «ሀ»ን ይሞክርላታል። «ሀ» ካልያዛት ወደ «ለ» ይወስዳታል። «ለ» ላይ በጊዜያዊነት የተቀመጠ ሰው ካለና «ለ» እሷን ከእሱ በላይ ካስቀመጣት እሱ ይነሣል፣ እሷ ትቀመጣለች። «ለ»ን ሁለተኛ ማድረጓ አንዲት ነጥብ አያስቀንስባትም፤ «ለ»ም ስንተኛ እንዳደረገችው አያይም። ስለዚህ ደረጃው የሚወጣው በምኞት እንጂ በግምት አይደለም። ከላይ የተቀመጠ አይጎዳም። የሚጎዳው መሄድ የማይፈልጉበትን ማስገባት ነው፤ ውጤቱ አስገዳጅ ውል ነውና።

ጸሐፊው መጠንቀቅን መምከሩ ልክ የሚሆነው ከዝርዝሩ በፊት፣ በማመልከቻው ላይ ነው። ለሁለት ስፔሻሊቲ የሚያመለክት ሰው ሁለት የግል መግለጫና ሁለት ዓይነት ደብዳቤ አዘጋጅቶ በትክክል ይመድብ፤ የአጥንቱ መግለጫ ለውስጥ ደዌ ፕሮግራም የተላከበት ሰው እዚያ አበቃ። ሲግናል ማለት አመልካቹ ፕሮግራሙን በተለይ እንደሚፈልገው የሚያሳይበት በቁጥር የተወሰነ ምልክት ነው፤ አጥንት ቀዶ ሕክምና 30 ሲግናል፣ ቆዳ 3 ወርቅና 25 ብር ሲግናል በቅርብ ዓመታት ሰጥተዋል፤ ሲግናል ያልተላከለት ፕሮግራም ለማየት እምብዛም ስለማይጓጓ ሲግናሎቹ የውጭ ተመራቂ ተቀብለው ወደሚያውቁ ቦታዎች ይሂዱ። የማመልከቻ ክፍያውም ለእያንዳንዱ ስፔሻሊቲ ለብቻው ስለሚቆጠርና ከ30 በኋላ ስለሚወደድ «ለሁሉም መላክ» ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

የምርጫ ዝርዝሩ ተሞልቶ «ሰርቲፋይ» ካልተደረገ (በሥርዓቱ ላይ ካልጸደቀ) ግን የለም ማለት ነው። የሚዘጋው በየካቲት ማብቂያ አካባቢ በአሜሪካ ምሥራቅ አቆጣጠር ከምሽቱ 9 ሰዓት ላይ ሲሆን ይህ በእኛ በማግሥቱ ሌሊት 11 ሰዓት ይሆናል። አንድ ነገር ከተቀየረበትም እንደገና ሰርቲፋይ መደረግ አለበት። ደብረ ብርሃን ላይ ሌሊት መብራት ወይም ኔትዎርክ ሲጠፋ ማንም አያራዝምላችሁም፤ ከሁለት ቀን በፊት ጨርሳችሁ የማረጋገጫውን ገጽ አስቀምጡ።